አራት ዓመት የቆመ ሃይሉክስ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አናጺ ከነበሩት አባቴ የወረስሁት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ1990 ሞዴል ቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ አለኝ። ነጠላ ጋቢና፣ ፎር ዊል፣ 3ኤል የናፍጣ ሞተር ነው። ግንፍሌ አካባቢ ባለው የቤተሰብ ግቢያችን ከቆመ አራት ዓመት ሆኖታል። ከመቆሙ በፊት ዳገት ሲወጣ ጥቁር ጭስ ያጨስ፣ ውሃም ያፈላ ነበር። አሁን ፍሬኑ ሲረገጥ እስከ ወለሉ ይወርዳል። አንድ መካኒክ ሞተሩ ወርዶ ሙሉ በሙሉ ይታደስ አለኝ፤ ባትላሜራው ደግሞ ቦዲው ይቅደም ይላል። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ በራሴ እጅ ልሠራው እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? የካሶኒውን የኋላ በር አባቴ በእጃቸው ጽፈውበታል፤ እርሱስ ይፋቅ?

ምላሽ፦ ጋሼ ብለህ ስለጻፍህልኝ እኔም አንተ እያልሁ ልመልስልህ። ሁለቱ ባለሙያዎች ያሉህን ለጊዜው አታድርግ። ባትላሜራ የሚታየው ቆርቆሮ ነው፣ መካኒክ የሚታየው ሞተር ነው፤ ኤሌክትሪሺያን ብትጠራ ደግሞ ሽቦው በሙሉ ይበጠስ ይልህ ነበር። በተለይ «ሞተሩ ይውረድ» የሚለው በእኛ ሙያ ውስጥ ቀላሉ ፍርድ ነው። መለኪያ አይፈልግም፤ ቢሳሳትም የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። ሳይወርዱ መዳን ይችሉ የነበሩ ሞተሮችን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንዱን ያወረድሁት ራሴ ነኝ፤ እርሱን ዝቅ ብዬ እነግርሃለሁ።

የእኔ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሲረገጥ የሚቆም መኪና ይኑርህ። ቀጥሎ የማይፈላ መኪና ይኑርህ። ከዚያ በኋላ ሞተሩን ለካው፤ ፍርዱ ከመለኪያው ይምጣ። ቆርቆሮና ቀለም የመጨረሻዎቹ ናቸው። ቀለሙን ያስቀደመ ሰው ሞተሩን ሲያወርድ አዲሱን ፓራፋንጎ በቁልፍ ይቧጭረዋል፣ የፍሬን ዘይት ይደፋበታል፤ የፍሬን ዘይት ደግሞ ቀለም ይልጣል።

ይህን አሮጌ መኪና ማደስ ምን ይጠቅማል የሚሉህን ዘመዶች አትስማ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወድዶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። እጅህ ላይ ያለው ፒካፕ ኮምፒውተር የለበትም፤ ናፍጣ ፓምፑ በማሽን የሚሠራ ነው፤ የፊቱም የኋላውም ቺንጎ (ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚያገናኘው ወፍራም ብረት) በባሌስትራ (በተደራረቡ የብረት ቅጠሎች) ላይ የተቀመጠ ነው። ለቅዳሜ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መማሪያ አይገኝም።

ግቢ ስላለህ ዕድለኛ ነህ። በመሃል ከተማ መንገድ ዳር ክሪክ አቁሞ መኪና መፍታት ያለፈበት ነገር ሆኗል፤ ፒያሳና ካዛንቺስ የማውቃቸው ባለ ጋራዦችም ሰፈሩ ሲፈርስ ተበትነዋል። አንድ ነገር ግን በቁጣ እነግርሃለሁ፤ መኪናው ሥር ብሎኬት እንዳታስገባ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፤ ክብደቱን ለሰዓታት ተሸክሞ ይቆይና ምንም ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። በክሪክ ብቻ አንሥተህም እንዳትገባ። የብረት መቆሚያ ግዛ፤ እርሱ እስኪገኝ አባትህ አናጺ ስለነበሩ ወፍራም ጣውላ ከግቢያችሁ አይጠፋም፤ እያነባበርህ ተጠቀምበት። የተቃጠለ ዘይት በጀሪካን ይጠራቀም፤ ወደ ግንፍሌ ወንዝ እንዳይሄድ፤ በርካታ ጋራዦች ይቀበሉሃል። ስለ ቁልፍ ካሰብህ፣ የዚህ መኪና አብዛኛው ብሎን በ10፣ በ12፣ በ14፣ በ17 እና በ19 ይፈታል። ለፍሬን ቱቦዎቹ ግን ዳዶውን ከአምስት በኩል የሚጨብጠውን ክፍት ቁልፍ ግዛ፤ በተራ ቁልፍ የዛገ የቱቦ ዳዶ ከፈታህ ጠርዙ ይላጫል፤ ከዚያ ቱቦውን ቆርጠህ መጣል ነው።

አሁን ወደ ፍሬኑ እንግባ። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲወርድ ሦስት ነገር ይጠረጠራል። ደጋግመህ ስትረግጠው ከፍ እያለ ከመጣ መስመሩ ውስጥ አየር አለ፣ ወይም የኋላ ሸራዎቹ (ከበሮውን ከውስጥ እየገፉ ጎማውን የሚያቆሙት) ከከበሮው ርቀዋል። ከፍ ብሎ ከቆመ በኋላ እግርህን ሳታነሣ ቀስ እያለ ከሰመጠና ውጭ ላይ ምንም ፍሳሽ ከሌለ ዋናው የፍሬን ፖምፓ ውስጥ ያለው ጎሚኒ አልፏል። የዘይቱ ዕቃ ከጎደለ ደግሞ የአራቱንም ጎማ ውስጥ ፈትሽ፤ የኋላውን ከበሮ ስታወጣ ሸራዎቹን ከምትገፋው ትንሽ ፖምፓ ሥር እርጥብ ነገር ታገኛለህ ብዬ እገምታለሁ። ለአራት ዓመት በቆመ መኪና ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱም አብረው ይመጣሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። መኪናው ሲቆም ያ ውሃ ከታች ይተኛና የፖምፓውን ግድግዳ ያዝገዋል፤ ከዚያ አንድ ቀን መጥተህ ፔዳሉን ወለል ድረስ ስትረግጠው ጎሚኒው በዛገው ቦታ ላይ ያልፍና ከንፈሩ ይቀደዳል። ስለዚህ እስክትፈታው ድረስ ፔዳሉን አትጫወትበት።

የፖምፓዎቹን ውስጥ በጥፍርህ ዳስሰው። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለው ጎሚኒ ብቻ ቀይረህ አትመልሰው፤ ሙሉውን ቀይር። የጎማ ቱቦዎቹን በሙሉ ጣላቸው። ከውጭ ደህና መስለው ውስጣቸው አብጦ ዘይቱን ያሳልፉና አይመልሱም፤ በዚህ ጊዜ መኪናው እግርህን አንሥተህም ፍሬን እንደያዘ ይሄዳል። የሸራው ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር ከደረሰ አልቆለታል። በከበሮው ውስጥ ያለውን ብናኝ በአፍህም በኮምፕረሰርም አትንፋው፤ የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ አለባቸው፤ በውሃ አርጥበህ በጨርቅ ጥረገው። የፍሬን ጎሚኒ በቤንዚን፣ በናፍጣ ወይም በሞተር ዘይት አይታጠብም፤ ያብጣል። ቀደም ሲል አንድ ሰው ዘይት ጎድሎበት የሞተር ዘይት ጨምሮበት እንደሆነ የዕቃውን ክዳን ጎሚኒ ተመልከት፤ ለጥጦና ላልቶ ከሆነ በመስመሩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ሁሉ እንደዚያው ነው።

አዲሱ ዘይት ዶት 3 ይሁን፤ ከታሸገ ዕቃ የወጣ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው። ውሃ የጠጣው አሮጌ ዘይት ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ይህ አይታወቅህም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ነው የሚታወቅህ፤ ያኔ ደግሞ ማወቁ አይጠቅምህም።

ከአየር ማውጣቱ በፊት አንድ ብዙ መካኒክ የሚያልፈውን ነገር ላሳይህ። ከመኪናው ኋላ በኩል ሥሩ ግባ። ከሻሲው ላይ አንድ የፍሬን ቫልቭ ታገኛለህ፤ ከእርሱ ቀጭን ዘንግ ወጥቶ ከኋላ ቺንጎው ጋር ተያይዟል። ሥራው ጭነት መመዘን ነው። ካሶኒው ሲጫን ሻሲው ወደ ቺንጎው ይጠጋል፣ ዘንጉ ይገፋል፣ ቫልቩም ለኋላ ጎማዎች ብዙ ግፊት ይፈቅዳል። ባዶ ሲሆን ደግሞ ይቀንሳል፤ አለበለዚያ የኋላ ጎማዎች ይቆለፉና መኪናው ይዞራል። አሁን የባሌስትራውን ቅጠሎች ቁጠር። አባትህ እንጨት ሲያመላልሱበት ቆይተዋልና ተጨማሪ ቅጠል አስገብተው ይሆናል፤ እዚህ አገር ሁሉም ያስገባል። ቅጠል ሲጨመር መኪናው ከፍ ይላል፤ ቫልቩ ግን ከፍ ያለውን መኪና «ባዶ ነው» ብሎ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ሙሉ ጭነት ይዘህ ስትረግጥ የኋላ ጎማዎችህ ግማሽ ሥራ ይሠራሉ፤ የፊቶቹ ይቃጠላሉ። መፍትሔው የተጨመረውን ቅጠል ማውጣት ወይም የዘንጉን ማስተካከያ በአዲሱ ከፍታ ልክ ማቃናት ነው። ቫልቩን አውልቆ መስመሩን በቀጥታ ማገናኘት መፍትሔ አይደለም፤ ያደረጉትን አይቻለሁ፤ ክረምት ላይ እርጥብ አስፋልት ነው የሚያስተምራቸው። አየር ስታወጣ ከፖምፓው በጣም ከራቀው የኋላ ጎማ ጀምር፤ ቫልቩም የራሱ ማውጫ ካለው አትርሳው።

ፍሬኑ ሲያልቅ ሞተሩን ለማስነሣት እጅህ ይበላሃል። ቆይ። መጀመሪያ የአሮጌውን ናፍጣ ከታንከሩ ሥር ፍታና በነጭ ባልዲ ተቀበለው። ታች የሚተኛው ቡናማ ውሃ ነው፤ እንደ አጥሚት የወፈረ ጥቁር ነገር ካለበት ደግሞ ታንከሩ ወርዶ ይታጠብ። የናፍጣ ፊልትሮውን ቀይር፤ ከሥሩ ያለውን ውሃ ማውጫ ክፈት፤ ከፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ ተጭነህ አየሩን አውጣ። ዘይት ለውጥ። ካንዴሌታዎቹን (ሞተሩ ሲነሣ ውስጡን የሚያሞቁትን) አራቱንም ፍታና በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጨምር፤ አንድ ሌሊት ይደር። በማግስቱ የክራንኩን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ብሎን በቁልፍ ይዘህ ሞተሩን በእጅህ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው። ካልዞረ በሞተሪኖ አታስገድደው። ካንዴሌታዎቹን ለመሞከር በቀጥታ ባትሪ ላይ አታስነካቸው፤ አንዳንዶቹ ለአነስተኛ ቮልት የተሠሩ ናቸውና ዓይንህ እያየ ይቃጠላሉ። በኦም መለኪያ ይበቃል።

ከዚያ ቺንጋው። ይህ ሞተር ካምሻፍቱንም (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ናፍጣ ፓምፑንም የሚያዞረው በጥርሳማ የጎማ ቺንጋ ነው። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲለወጥ ዳሽቦርዱ ላይ አስታዋሽ መብራት ይበራል፤ ብዙ ሰው ግን አምፖሏን አውልቆ ይገላገላል። ቺንጋ በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ይሞታል። በሩጫ ላይ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተን ይጋጫሉ፤ ያኔ የመካኒክህ ትንቢት ይፈጸማል። ሽፋኑን ፍታ፤ ጥርሶቹ ሥር ስንጥቅ ብታይም ባታይም ለውጠው፤ ወጣሪውን ኩሽኔታም አብረህ። ምልክቶቹን ሳታገጣጥም አሮጌውን አታውጣ፤ በስልክህም ፎቶ አንሣ።

አሁን ያልሁህ የማፍላት ነገር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በዚህች ከተማ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) የሚገድለው ከሁሉ በላይ ይህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። በዚህ ምክንያት ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ እናትህ ሽንብራ ለመቀቀል ለምን እንደሚቆይባት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የሞተርህ ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር) ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው 82 ላይ ነው። በመከፈቱና በመፍላቱ መካከል ያለህ አሥር ዲግሪ ብቻ! ሞተር ዳገት ላይ 95 ቢገባ በሽታ አይደለም፤ ጤነኛ ሥራው ነው።

ይህን ክፍተት የምታሰፋልህ አንዲት ትንሽ ዕቃ ናት፤ የራዲያተሩ ክዳን። ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ከተጻፈ ከአየሩ በላይ ያን ያህል ግፊት ይዛ ታቆያለች ማለት ነው፤ ያኔ ውሃው እዚህ አዲስ አበባ ላይ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይሄዳል። ሞላዋ ደክሞ 0.3 ብቻ የምትይዝ ከሆነ ግን 101 ላይ ይፈላል። ሙሉ አሥራ ሦስት ዲግሪ በአንዲት ክዳን! ቀዝቃዛ ሲሆን አውጣትና ገልብጠህ እያት። የታችኛው ጎሚኒ ላይ የራዲያተሩ ከንፈር ቀለበት ሆኖ ከታተመ፣ ወይም ጎሚኒው ድርቅ ብሎ በጥፍር ከተሰነጠቀ አልፋለች። መሃል ላይ ያለችውን ትንሽ ሳህን በሁለት ጣት ሳብ አድርጋት፤ ተስባ በራሷ መመለስ አለባት፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከትርፍ ዕቃው ውሃ የምትመልሰው በዚያ በኩል ነው። ስታዝ ቁጥሩን አይተህ ግዛ። ገበያው ላይ ክዳኗ ገጥማ ግፊቷ የማይገጥም ብዙ አለ።

የእኛ ሰው ግን መኪና ሲያፈላበት የመጀመሪያ እርምጃው ቴርሞስታቱን አውልቆ መጣል ነው። ያንተም ተጥሎ ሊሆን ስለሚችል ቤቱን ክፈተው። ሁለተኛ ሳህን ያለው ዓይነት ከሆነ ያ ሳህን ሞተሩ ሲሞቅ አቋራጩን መንገድ የሚዘጋ ነው፤ ስታወጣው ውሃው ራዲያተሩን ሳይጎበኝ በአቋራጭ ይዞራል፤ ለማቀዝቀዝ ያደረግኸው ያሞቅሃል። ራዲያተሩን አስፈትተህ አስጠርግ። የቧንቧ ውሃ ብቻ አትሙላ። አዲስ አበባ ውሃ ሞተር ውስጥ በረዶ አይሆንም፤ ኩላንት የሚያስፈልግህ ለዝገት ነው። እኩል በእኩል ደባልቀው።

ከዚያ በኋላ ነው ቴስታታው የሚጠየቀው። ሞተሩን ቀዝቃዛ እያለ ክዳኑን ከፍተህ አስነሣው። በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ ከራዲያተሩ አፍ አረፋ ያለማቋረጥ ከመጣ፣ ወይም ክዳኑን ገጥመህ ውሃው ገና ሳይሞቅ የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ጋዝ እየገባ ነው፤ ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) አልፏል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል፤ መካኒክህም ልክ ነበር። ይህ ካልታየ ግን ገና አልፈረድንም።

አሁን ያልሁህን ታሪክ ልንገርህ። ወጣት ሆኜ፣ ሰርተፍኬቴን ይዤ በተቀጠርሁ ሰሞን፣ አንድ ላንድክሩዘር መጣልኝ። የኮምፕረሽን መለኪያውን አስገብቼ አራቱንም ለካሁ። የፋብሪካው መጽሐፍ ከሚለው በታች ሆኑ፤ አራቱም በታች፣ አራቱም እኩል። በኩራት ሞተሩን አወረድሁት። ፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) ደህና ናቸው፤ ሲሊንደሩ ላይ አለመበላቱን የሚያሳየው የፋብሪካው የመስቀል ጭረት ገና አለ። አለቃችን የነበሩት ሽማግሌ መጡና ፒስተኑን እያገላበጡ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ይህ መጽሐፍ የተጻፈው የት ነው?» አሉኝ። ጃፓን አልኋቸው። «እዚያ ዳገት የለም እንዴ?» ብለው ሄዱ። ሒሳቡ የገባኝ ከሳምንት በኋላ ነው። ሞተር የሚጨምቀው የሳበውን አየር ነው፤ የሚስበው አየር ሩብ ያህል ካነሰ ጭምቁም በዚያው ልክ ያንሳል። በባሕር ጠለል 30 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 23 ገደማ ነው የሚያሳይህ። አንተ የሒሳብ ሰው ስለሆንህ ይህ አይከብድህም፤ የመጽሐፉን ቁጥር በ0.76 አባዛው። ከዚያ ይልቅ የሚነግርህ ግን በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሦስቱ 23 ሆነው አንዱ 16 ከሆነ እርሱ ታሟል። ዘይት ጨምረህ ድገመው፤ ከፍ ካለ ፋሻ ነው፣ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን። ስትለካ ሞተሩ ሞቅ ያለ፣ ባትሪው ሙሉ፣ የናፍጣ ፓምፑ መዝጊያ ሽቦ የተነቀለ ይሁን፤ መለኪያውም የናፍጣ ሞተር መለኪያ ይሁን፤ የቤንዚኑ ይፈነዳብሃል።

ጥቁር ጭሱም የዚሁ ከፍታ ልጅ ነው። ፓምፑ የሚመጥነው ናፍጣውን እንጂ አየሩን አይደለም። የከፍታ ማስተካከያ የሌለው ፓምፕ ለአሰብ የሚሰጠውን ናፍጣ ለእንጦጦ ዳገትም ይሰጣል፤ አየሩ ስላነሰ የተረፈው ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የአየር ፊልትሮውን ለውጥ፤ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ አይጥ ጎጆ እንዳልሠራበት እይ፤ አትሳቅ፣ በቆመ መኪና ላይ ሁለት ጊዜ አግኝቻለሁ። ቀጥሎ አራቱን ኢንጀክተሮች (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን) ፍታና ናፍጣ ፓምፕ ቤት ወስደህ አስሞክር። ፓምፑን ራሱን አንተም አትፍታው፣ ግቢህ የሚመጣ መካኒክም አይፍታው፤ ያለ መሞከሪያ ማሽን የሚነካ ዕቃ አይደለም። ከጀርባው ያለችው ብሎን ጉልበት እንድትጨምር በአንድ ሰሞን ተጠምዝዛ እንደሆነ እዚያው ይመልሱልሃል። ጭሱ ነጭ ከሆነ፣ ሰማያዊ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያኔ ጻፍልኝ።

ፊት ለፊት አንድ ቦታ አደራ አለኝ። የፊት ጎማው ከሚታጠፍበት የብረት ኳስ ሥር ተመልከት። ቀጭን ጥቁር ሾርባ እየተንጠባጠበ ከሆነ የውስጥ ጎሚኒው አልፎ የዲፈረንሻሉ ዘይት ከግራሶው ጋር ተደባልቋል፤ ቀጣዩ መድረሻው የፍሬን ዲስኩ ነው። ሥራው ቆሻሻ ነው እንጂ ከባድ አይደለም፤ አንድ ቅዳሜ ለአንድ ጎን ይበቃል። የላይና የታች ስስ ሳህኖቹን አታደባልቅ፤ የመታጠፊያው ጥብቀት የሚለካው በእነርሱ ነው።

ኤሌክትሪኩ ላይ ብዙ አልቆይም። ከሞተሩ ወደ ሻሲው፣ ከሻሲው ወደ ጋቢናው የሚሄዱትን የመሬት ሽቦዎች ፍታ፣ ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍግ፣ መልስ። የፓውዛና የፍሬቻ ችግር ግማሹ በዚህ ያልቃል።

ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራ መውረድህ አይቀርም። አሮጌውን ዕቃ አጥበህ በእጅህ ይዘህ ሂድ፤ ስሙን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ሌላ ይዞ ይመለሳል። የቶዮታ ዕቃ አምስት አሃዝ፣ ሰረዝ፣ አምስት አሃዝ የሆነ ቁጥር አለው፤ ጻፈው። በር፣ ፓራፋንጎ፣ ዲፈረንሻል፣ ቸርኬ ያገለገለ ብትገዛ አይቆጭህም። ጎሚኒ፣ ቺንጋ፣ የፍሬን ቱቦና ሸራ ግን በምንም ዋጋ ያገለገለ አይገዛም። የፍሬን ከበሮ ከገዛህ ሊሰፋ የሚፈቀድለት ትልቁ ልክ በራሱ ላይ ተቀርጿል፤ ካሊፐር ይዘህ ሂድና እዚያው ለካ። ሻጩ ቢቆጣ እርሱ የራሱ ጉዳይ ነው።

ሞተር መለወጥ ግድ ከሆነም ከመግዛትህ በፊት ሊብሬህን አውጣ። የሞተሩም የሻሲውም ቁጥር እዚያ ላይ ተጽፏል፤ ሰነድ የሌለው ሞተር ገጥመህ ለዓመታዊ ምርመራ ብትቀርብ ቦሎ አይሰጥህም። የሻሲው ቁጥር በቀኝ የፊት ጎማ በኩል ሻሲው ላይ ተመትቷል። አሁኑኑ በብሩሽ አጽዳው፣ ፎቶ አንሣው፣ በግራሶ ቀባው፤ ባትላሜራው በመፈግፈጊያ ማሽን እንዳይደርስበት በቃልም በጽሑፍም ንገረው። በመፈግፈጊያ የጠፋን ቁጥር ማስረዳት ሞተር ከማደስ ይከብዳል።

ቆርቆሮው ላይ ስትደርስ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ቦዲውን ዳስሰው። የማይዝበት ቦታ ሁሉ ስቱኮ (የጉድጓድ መሙያ ልጥፍ) ነው። ከስቱኮው ሥር ጋዜጣ ያገኘሁባቸው መኪኖች አሉ፤ ቀኑ ይነበብ ነበር። የአዲስ አበባ ዝገት ከውስጥ ነው የሚጀምረው፤ ክረምት ላይ ከጫማ የገባው ውሃ ከወለሉ ምንጣፍ ሥር ካለው ስፖንጅ ጋር ወራት ይተኛል። ምንጣፉን አውጣ፣ የበሮቹን የታች ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች በሽቦ ክፈት፣ ካሶኒው ከጋቢናው ጋር የሚተያይበትን ግድግዳ እይ። መኪናው ከአፍዴራ ጨው አመላልሶ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ሻሲውን ከውስጥ በመዶሻ እያንኳኳህ ስማው። የዛገው ንጹሕ ብረት እስኪገኝ ይቆረጥ፤ 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይበየድ፤ በኤሌክትሮድ ሳይሆን በካርቦን ጋዝ ብየዳ፤ ኤሌክትሮድ ስሱን ብረት ይበሳዋል። ከመበየዱ በፊት ባትሪውም የዲናሞው ሽቦም ይነቀል፤ ታንከሩ ይውረድ፤ ባዶ ታንከር ከሙሉው ይበልጥ አደገኛ ነው። ስቱኮ ውሃ ይጠጣልና ሳይቀባ ክረምት እንዳይገባበት፤ የቀለሙን ሥራ ከጥቅምት በኋላ ያዘው።

የካሶኒው በር ላይ አባትህ የጻፉትን አትፋቀው። በእጅ የተጻፈ የዘይት ቀለም ከፋብሪካው ቀለም በላይ ስለሚቀመጥ ኮምፓውንድ (የቀለም ማለስለሻ ቅባት) ከነካው ይነሣል፤ በለስላሳ ሳሙናና በጥጥ ብቻ እጠበው። ከታች ጠርዙ ዝጎ ከሆነ ከውስጥ በኩል ሥራው። በሩን አስቀድመህ ከካሶኒው ፍታና ቤት አስገባው፤ ቀለም ቀቢው ቅዳሜ ጠዋት ቸኩሎ ሲመጣ እጁ ላይ እንዳይገኝ።